የቢሮ ኮምፒውተር ጥበቃና የሳይበር ክትትል፦ ጅማ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጅማ ከተማ ውስጥ የቢሮ ኮምፒውተር መጠገንና ኔትወርክ መዘርጋት እንጀራዬ ነው። ቡና አቅራቢዎች፣ የገበሬ ዩኒየኖች፣ ክሊኒኮች፣ የግል ኮሌጆችና የሂሳብ ቢሮዎች ይደውሉልኛል። ድሮ ጥያቄው «ቫይረስ ገባብን፣ ፎርማት አድርግልን» ነበር። አሁን አሁን ግን ከአዲስ አበባ በሚመጡ ፕሮፎርማዎች ላይ ኢዲአር፣ ኤምዲአር፣ ሶክ የሚሉ ነገሮችን እያዩ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? ያስፈልገናል?» ይሉኛል። ደጋግመው የሚመጡትን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤያለሁ። የምሸጠው ሶፍትዌር ስለሌለኝ የማይረባውን አይረባም ብያለሁ።

ኢንድፖይንት የሚባለው ምኑ ነው?

ሰው የሚሠራበት ወይም የሥራ ፋይል የሚቀመጥበት፣ ከኔትወርክ ጋር የተገናኘ መሣሪያ ሁሉ ነው። የሂሳብ ሠራተኛዋ ዴስክቶፕ፣ የሥራ አስኪያጁ ላፕቶፕ፣ ሰርቨሩ፣ የሽያጭ ሠራተኛው ስልክ። ፕሪንተር፣ ራውተርና የደህንነት ካሜራም ኔትወርኩ ላይ አሉ። እነሱ ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ የጥበቃ ሶፍትዌር መጫን አይቻልም። ስለዚህ ቢያንስ ከፋብሪካ ይዘውት የመጡትን ፓስወርድ ቀይሩ።

«ስንት ኮምፒውተር አላችሁ?» ብዬ ስጠይቅ የሚነገረኝ ቁጥርና ዞረን ስንቆጥር የምናገኘው አይገጥምም። ሁሌም ይበዛል። አንዱ ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ተረስቶ እየሠራ ነው፣ አንዱ የለቀቀ ሠራተኛ ቤት ነው። መጠበቅ የሚጀመረው ከቆጠራ ነው። ወረቀትና እስክሪብቶ ይበቃል።

ፀረ ቫይረስ አለን። አይበቃም?

ፀረ ቫይረስ የሚታወቁ ሌቦችን ፎቶ ይዞ በር ላይ እንደቆመ ዘበኛ ነው። ፎቶው ያለውን ይይዛል፤ አዲስ ፊት ከመጣ ሊያሳልፍ ይችላል። ለእውነቱ የዘመኑ ፀረ ቫይረሶች ጠባይም ያያሉ፣ ከድሮዎቹ ጋር አይነጻጸሩም። ዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ አብሮ የሚመጣው ዲፌንደር ራሱ ቀላል አይደለም።

ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ዛሬ ብዙ አጥቂ ቫይረስ ይዞ አይመጣም። የተሰረቀ ፓስወርድ ይዞ እንደ ባለቤት በሩን ከፍቶ ይገባል። ከገባ በኋላም የሚጠቀመው ዊንዶውስ ውስጥ ያለውን ፓወርሼል (ኮምፒውተሩን በጽሑፍ ትእዛዝ የሚያሠራ ፕሮግራም) ወይም እኛ ራሳችን የጫንነውን ኤኒዴስክ (ኮምፒውተርን ከርቀት የሚያሠራ ፕሮግራም) ነው። ሁለቱም ሕጋዊ ፕሮግራሞች ናቸው። ፀረ ቫይረስ «ይሄ ፋይል መጥፎ ነው ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱ «አይደለም» ይሆናል። ፋይሉ እውነትም መጥፎ አይደለም። መጥፎው የያዘው ሰው ነው።

ታዲያ ኢዲአር ምን ይጨምራል?

ኢዲአር እያንዳንዱ ኮምፒውተር ላይ የሚጫን ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ ኤጀንት ይሉታል። ምን ተከፈተ፣ ማን ከፈተው፣ ከየት ጋር ተገናኘ የሚለውን ሁሉ ይመዘግባል። መዝገቡን ወደ አንድ ማዕከል ይልካል። ማዕከሉ ድርጊቶቹን አያይዞ ያያቸዋል።

አንድ ማንቂያ ሲከፈት የሚታየው ይህን ይመስላል። የሂሳብ ክፍል ኮምፒውተር፣ ጠዋት 4፡12። አውትሉክ ላይ በኢሜይል የመጣ የዎርድ ፋይል ተከፈተ። ዎርዱ ፓወርሼልን ጠራ። ፓወርሼሉ መስኮቱን ደብቆ ከዚህ በፊት ቢሮው ገብቶት ከማያውቅ አድራሻ አንድ ፋይል አወረደ። 4፡14 ላይ ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር ያ ፋይል አብሮ እንዲነሳ ተመዘገበ። አራቱን ለየብቻ ብታዩዋቸው አንዳቸውም አያስደነግጡም። ዎርድ በቀን ስንት ጊዜ ይከፈታል! ግን ሂሳብ ክፍል ውስጥ ዎርድ ፓወርሼልን የሚጠራበት ምን ጉዳይ አለው? ሰንሰለቱን አንድ ላይ ያየ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ሠራተኛዋ ግን ያየችው ባዶ ደብዳቤ ብቻ ነው፤ ዘግታው ወደ ሥራዋ ተመልሳለች።

ሁለተኛው ጥቅሙ መነጠል ነው። ማዕከሉ ላይ የተቀመጠው ሰው አንድ ቁልፍ ተጭኖ ያንን ኮምፒውተር ከኔትወርኩ ይቆርጠዋል። ከማዕከሉ ጋር ያለው መስመር ብቻ ይቀራል። ነገሩ አንድ ጠረጴዛ ላይ ያልቃል፣ ወደ ሰርቨሩ አይሄድም።

ኤምዲአርስ? ሶክ፣ ሲኤም፣ ኤክስዲአር የሚሉትም አሉ።

ኤምዲአር ሶፍትዌር አይደለም፤ አገልግሎት ነው። ኢዲአሩ የሚያወጣውን ማንቂያ ሌት ተቀን የሚያነቡላችሁ፣ እውነተኛውን ከሐሰተኛው የሚለዩ፣ ሲያስፈልግም እርምጃ የሚወስዱ ባለሙያዎችን በየወሩ መከራየት ነው። እነዚህ ሰዎች የሚሠሩበት ክፍል ሶክ ይባላል። ሲኤም ከየመሣሪያው የሚመጣውን መዝገብ አንድ ቦታ የሚያከማች ሥርዓት ነው። ኤክስዲአር ደግሞ የኢዲአርን ሥራ ወደ ኢሜይል፣ ወደ ክላውድና ወደ ኔትወርክ ያሰፋዋል። ሻጮች እነዚህን ስሞች እንደፈለጉ ስለሚያቀያይሯቸው ስሙ ላይ አትከራከሩ። የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ መሣሪያው ሲጮህ ማን ይሰማዋል?

ይህን ጥያቄ ለማንኛውም ሥራ አስኪያጅ አቀርባለሁ። ኢዲአር ገዝቶ ማንቂያው ማንም በማይከፍተው ኢሜይል ውስጥ ሲከማች አይቻለሁ። ገንዘቡ ወጥቷል፣ ጥበቃው ግን የለም። አጥቂዎች ደግሞ ይህን ያውቃሉ። አርብ ማታ፣ ቅዳሜ፣ የበዓል ዋዜማ ይወዳሉ። አርብ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ቢሮው ተቆልፎ እስከ ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ድረስ 63 ሰዓት አለ። አንድን ኔትወርክ ከዳር እስከ ዳር ለመቆለፍ ከበቂ በላይ ነው።

ጅማ ያለን ትንሽ ቢሮ ማን ብሎ ያጠቃናል?

የሚመርጣችሁ ሰው ላይኖር ይችላል። ግንቦት 4 ቀን 2009 ዋናክራይ የተባለው ጥቃት ሲነሳ ማንም ቁጭ ብሎ ዝርዝር አላወጣም። በዊንዶውስ የፋይል መጋሪያ ላይ በነበረ ቀዳዳ በኩል ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ራሱ እየዘለለ ከ150 በላይ አገሮች ገባ። ከ200,000 በላይ ኮምፒውተሮችን ነካ። የእንግሊዝ የሕዝብ ሆስፒታሎች ቀጠሮ ሰርዘው፣ አምቡላንስ ወደ ሌላ ቦታ መልሰዋል። ነገሩን የሚያናድደው ማይክሮሶፍት መድፈኛውን ያወጣው ሁለት ወር ቀደም ብሎ መሆኑ ነው። አፕዴት ያላደረገ ተመታ።

ሁለተኛው ዓይነት ግን ሆን ብሎ ይመርጣል፣ የቡና ሥራ ውስጥ ያለ ሰውም ሊያውቀው ይገባል። አጥቂው የኢሜይል ፓስወርድ ያገኛል። ምንም አያበላሽም። ዝም ብሎ ያነባል። ከገዢ ጋር የምትጻጻፉትን፣ ውሉን፣ የክፍያውን ቀን ያጠናል። ደብዳቤዎቻችሁ ለእሱም በግልባጭ እንዲሄዱ ኢሜይሉ ውስጥ አንድ ደንብ ይጨምራል። ክፍያው ሲደርስ በእናንተ ስም፣ በእናንተ አጻጻፍ «የባንክ ሂሳባችን ተቀይሯል፣ በዚህኛው አስገቡ» የሚል ደብዳቤ ይልካል። ገዢው ይልካል። ቡናው ሄዷል፣ ዶላሩ ሌላ ቦታ ገብቷል።

ልብ በሉ፣ እዚህ ላይ ኮምፒውተራችሁ ላይ የተጫነው ኢዲአር ምንም ላያይ ይችላል። አጥቂው የገባው ከራሱ ኮምፒውተር፣ በብራውዘር ነው። ለዚህ መድኃኒቱ ኢሜይሉ ላይ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ማድረግና የሂሳብ ቁጥር ለውጥ ሲመጣ ድሮ በምታውቁት ስልክ ደውሎ ማጣራት ነው። ደብዳቤው ላይ ባለው ስልክ አይደለም። እሱ የሌባው ነው።

አንድ ጎበዝ የአይቲ ልጅ ብንቀጥርስ?

ቅጠሩ። ግን ኤምዲአርን ይተካል ብላችሁ አይደለም። ሳምንት 168 ሰዓት ነው። አንድ ሰው 40 ሰዓት ቢሠራ አንድ ወንበር ሌት ተቀን እንዳይለቀቅ ከአራት ሰው በላይ ይፈልጋል። የዓመት ፈቃድ፣ ሕመምና ለቅሶ ሲጨመር አምስት ወይም ስድስት ይሆናል። ለሃያ ኮምፒውተር ስድስት ሰው የሚቀጥር ቢሮ የለም። ኤምዲአር የሚያዋጣውም ያንን ወንበር ብዙ ድርጅቶች ተካፍለው ስለሚከፍሉበት ነው። የአይቲው ልጅ ድርሻ ግን ይኖራል፦ ሲደወል ስልክ የሚያነሳው፣ ኮምፒውተሩ የማን እንደሆነ የሚያውቀው፣ ገመዱን የሚነቅለው እሱ ነው።

ከአገልግሎት ሰጪው ጋር ስንዋዋል ምን እንጠይቅ?

ይህኛው ላይ ጊዜ ውሰዱ። ሰው የሚጣላው እዚህ ነው።

መጀመሪያ ሥልጣን። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ የሂሳብ ሰርቨሩ ቢጠረጠር ሳይጠይቁ ይነጥሉታል ወይስ ፈቃድ ይጠብቃሉ? ሳይጠይቁ ከነጠሉ የደሞዝ ቀን ሥራ ሊቆም ይችላል። ፈቃድ ከጠበቁ ደግሞ ስልክ የሚያነሳ ሰው መኖር አለበት። እኔ የምመክረው መለየት ነው። የሠራተኛ ኮምፒውተሮችን ሳትጠይቁ ነጥሉ በሏቸው፤ ለሰርቨር ይደውሉ። የሚደወልላቸው ሁለት ሰዎች ይመዝገቡ፣ ማታ ስልክ የማያጠፉ። ሥራ አስኪያጁን በክብር ብቻ አንደኛ አታድርጉት፤ ስብሰባ ላይ ነው፣ አያነሳም።

ሁለተኛ ሰዓት። የእነሱ ሪፖርት ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በዓለም አቀፉ ሰዓት፣ በዩቲሲ ነው። እኛ ደግሞ የምንቆጥረው በሐበሻ ሰዓት ነው። ሪፖርቱ 20፡40 ይላል፤ የቢሮው ሰው «ማታ 2፡40 ነው» ብሎ ያስባል፤ ጥበቃው ተጠርቶ «ማታ 2፡40 ላይ ማን ነበር?» ተብሎ ይፋጠጣል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ከዩቲሲው ላይ 3 ቀንሱ፣ ከ12 ካለፈ 12 ቀንሱ። 20፡40 ሲቀነስ 17፡40፣ እንደገና 5፡40። ማታ 5፡40 ማለት ነው። ውጤቱ ከዜሮ ከወረደ 12 ጨምሩ። ምስኪኑን ጥበቃ ከመጠርጠር ያድናል።

ሦስተኛ በዓላት። ውጭ አገር ላለ ክትትል የእኛ ገና፣ ጥምቀት ወይም መስቀል ተራ የሥራ ቀን ነው። ኢድና አረፋም እንደ አገሩ ነው። የዓመቱን የበዓል ዝርዝር በፈረንጅ ቀን ቀይራችሁ ስጧቸው። ቢሮው ዝግ በሆነበት ቀን የሂሳብ ሠራተኛ መግቢያ ሲሠራ ለእነሱም ጥርጣሬ ይፈጥራል።

አራተኛ ማስረጃ። ውሉ ሲያልቅ የእናንተ መዝገብ ምን ይሆናል? ስንት ቀን ይቀመጣል? የት አገር ይቀመጣል? መልሱ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይሁን።

እና ከመፈረማችሁ በፊት አንድ ፈተና ስጧቸው። አንድ ቀን ማታ በስምምነት ምንም ጉዳት የሌለው የሙከራ ማንቂያ አስነሱና በስንት ደቂቃ እንደሚደውሉ እዩ። ብሮሹሩ ላይ ካለው ሁሉ ይህ ይበልጣል።

መብራትና ኔት ሲጠፋ ምን ይሆናል?

መብራት ጠፍቶ ኮምፒውተሩ ከጠፋ አጥቂም አይሠራም። ኮምፒውተሩ በርቶ ኔት ብቻ ሲጠፋ ነው ጥያቄው። ደህና ኢዲአር ኔት ባይኖርም ኮምፒውተሩ ላይ ባለው ደንብ መከልከሉን ይቀጥላል፣ መዝገቡንም ያከማቻል፣ መስመር ሲመጣ ይልካል። ማዕከሉ ላይ ያለው ሰው ግን በዚያ ሰዓት አያያችሁም። ሻጩን ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ያለ ኔት ምን ምን ይሠራል? በቀን ስንት ሜጋባይት ይልካል? በሞባይል ዳታ ለሚሠራ ቅርንጫፍ ሁለተኛው የገንዘብ ጉዳይ ነው።

በነገራችን ላይ መብራት መጥፋቱ አንድ ጊዜ ትልቅ ድርጅት አድኗል። ሰኔ 2009 ኖትፔትያ የተባለው ጥቃት የዴንማርኩን የመርከብ ድርጅት ሜርስክን ሲመታ፣ የመላው ኔትወርኩን ተጠቃሚዎች የሚያስተዳድሩት ሰርቨሮች ሁሉ ወደሙ። አንድ ብቻ ተረፈ፤ ጋና ያለው። ጥቃቱ ሲደርስ እዚያ መብራት ጠፍቶ ስለነበር ከኔትወርክ ውጭ ነበር። ድርጅቱ ራሱን እንደገና ያቆመው ከዚያ ቅጂ ተነስቶ ነው። ባክአፕ ከኔትወርክ ተነቅሎ ይቀመጥ የምንለው ለዚህ ነው። ሁልጊዜ የተሰካ ሃርድ ዲስክ ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ ይቆለፋል።

ፍላሽ እያጠቃን ነው። ምን እናድርግ?

ታሪኩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ደብዳቤ ለማሳተም ፎቶኮፒ ቤት ትሄዳላችሁ። ተመልሳችሁ ፍላሹን ስትሰኩ ፋይሎቻችሁ የሉም፤ በቦታቸው የፍላሹን ስም የያዘ አንድ ሾርትከት ተቀምጧል። ስትጫኑት ፋይሎቹ ይከፈታሉ፣ ስለዚህ ማንም አይጠረጥርም። ግን ያ ጫና ሁለት ሥራ ሠርቷል፦ ፎልደራችሁን ከፍቶ፣ ከበስተጀርባ ደግሞ አንድ ስክሪፕት ኮምፒውተሩ ላይ ተክሏል። ከዚያ በኋላ የሚሰካ ፍላሽ ሁሉ ይህን ይዞ ይወጣል። ፋይሎቹ አልጠፉም፤ ተደብቀው ነው። ስለዚህ ደንግጣችሁ ፍላሹን ፎርማት አታድርጉ።

መፍትሔው፦ ለማሳተሚያ ብቻ የሚሆን አንድ ፍላሽ ይኑራችሁ፣ ሌላ ምንም አይቀመጥበት። ከተቻለ ፋይሉን ፒዲኤፍ አድርጋችሁ በቴሌግራም ላኩላቸውና ፍላሹን ተዉት። ኢዲአር ያለው ቢሮ ደግሞ ካልተመዘገበ በስተቀር ማንኛውም ፍላሽ እንዳይከፈት ማዘዝ ይችላል። መጀመሪያ ሳምንት ሠራተኛው ያጉረመርማል። ከዚያ ይለመዳል።

ክራክ የተደረገ፣ ማለትም ሳይከፈልበት እንዲሠራ የተሰበረ፣ ሶፍትዌር እንጠቀማለን። ችግር አለው?

አለው፤ የምትጠብቁት ዓይነት ችግር ግን አይደለም። የሕግና የሥነ ምግባሩን ትቼ ቴክኒኩን ብቻ ልናገር። ክራኩ አብሮት የሚመጣ ማስታወሻ አለው፦ «መጀመሪያ ፀረ ቫይረሱን አጥፋ።» ልጁ ያጠፋል፣ ይጭናል፣ ሶፍትዌሩ ይሠራል፣ ሁሉም ይደሰታል። ፀረ ቫይረሱ ተመልሶ ይበራል። ነገር ግን ክራኩ እንዳይነካ ተብሎ አንድ ፎልደር፣ አንዳንዴም ሙሉ ሲ ድራይቭ፣ ከፍተሻ ውጭ ተደርጎ ይቀራል። ዲፌንደር አረንጓዴ ምልክት እያሳየ ግማሹን ኮምፒውተር አያይም ማለት ነው። ዛሬውኑ ዊንዶውስ ሴኩሪቲን ክፈቱ፣ የቫይረስ ጥበቃው ቅንብር ውስጥ ገብታችሁ እስከ ታች ውረዱና ኤክስክሉዥን የሚለውን እዩ። የማታውቁት ነገር ካለ ለማን እንደተደረገ ጠይቁ።

ብዙ የሂሳብ ቢሮ ፒችትሪ ከሚባለው አሮጌ የሂሳብ ሶፍትዌር መላቀቅ አልቻለም። ስሙ እንኳን ሴጅ 50 ከሆነ ዓመታት አልፈዋል፤ የድሮው ቅጂ አፕዴት አያገኝም። ዛሬ መቀየር ካልቻላችሁ ያ ሶፍትዌር ያለበት ኮምፒውተር ኢሜይልና ኢንተርኔት አይከፈትበት። ሂሳብ ብቻ ይሠራበት።

ጥበቃው ራሱ ችግር ሊያመጣ ይችላል?

ይችላል። ሐምሌ 12 ቀን 2016፣ አርብ ዕለት፣ ክራውድስትራይክ የተባለው ትልቅ የኢዲአር ኩባንያ የተሳሳተ አፕዴት ለቀቀ። በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ሰማያዊ ስክሪን ሆነው ቀሩ። አየር መንገዶች፣ ባንኮችና ሆስፒታሎች ቆሙ። ጥቃት አልነበረም። እንዲህ ያለ ሶፍትዌር የሚቀመጠው ዊንዶውስ ልብ ውስጥ ነው፣ ሲሳሳትም ይዞ ይወድቃል። ብዙዎቹን ሰው በእጁ አንድ በአንድ ማስተካከል ነበረበት። ዲስካቸው በቢትሎከር የተቆለፈባቸው ደግሞ የመክፈቻ ቁጥሩን ፍለጋ ሲንከራተቱ ከረሙ። ያን ቁጥር አትማችሁ ካዝና ውስጥ አስቀምጡ። ሻጩንም አፕዴቱ ለሁሉም በአንዴ ነው ወይስ በየተራ የሚለቀቀው ብላችሁ ጠይቁ።

ሠራተኛን መሰለል አይሆንም?

የሚመዘግበው በዋናነት የፕሮግራም ስም፣ የፋይል ስም፣ የኔትወርክ ግንኙነትና የመግቢያ ሰዓት ነው። ሆኖም አንዳንዶቹ ከርቀት ፋይል ማውጣት ይችላሉ። ስለዚህ ለሠራተኛው አስቀድማችሁ በጽሑፍ ንገሩት። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ «አላወቅንም ነበር» የሚባልበት ጊዜ አልፏል።

ስልካችንስ?

ሞባይል ባንኪንግና ቴሌብር ያለበት ስልክ ከቢሮው ዴስክቶፕ የበለጠ ዋጋ አለው። ዋናው አደጋ በቴሌግራም የሚላክ ኤፒኬ (የአንድሮይድ አፕ መጫኛ ፋይል) ነው፦ የነፃ ጥቅል፣ የሽልማት፣ የተሻሻለ ዋትስአፕ ተብሎ። ሲጫን የአክሰሲቢሊቲ ፈቃድ ከጠየቃችሁ ወዲያው አጥፉት። ይህ ፈቃድ ያለው አፕ ስክሪናችሁን ማንበብና በእናንተ ፋንታ መጫን ይችላል። ሁለተኛው የኮድ ጉዳይ ነው። «በስህተት ኮድ አንተ ጋ መጥቷል፣ ላክልኝ» የሚል መልእክት ከዘመድ ቢመጣ እንኳን የዘመዱ አካውንት ተወስዷል ማለት ነው። ቴሌግራም ላይ የሁለተኛ ደረጃ ፓስወርዱን አብሩት። ኮዱ ቢሰረቅ እንኳን ብቻውን አያስገባም።

ተጠቃን! አሁን ምን እናድርግ?

ገመዱን ንቀሉ፣ ዋይፋዩን አጥፉ። ኮምፒውተሩን ግን ወዲያው አትዝጉት። ሜሞሪው ላይ ያለ ማስረጃ ሲዘጋ ይጠፋል። ከኔትወርክ መነጠል ካልተቻለና ፋይሎች ዓይናችሁ እያየ እየተቆለፉ ከሆነ ግን ዝጉት። ስክሪኑን በስልክ ፎቶ አንሱ። ገንዘብ ከተነካ ከሁሉም በፊት ባንኩን ደውሉ፤ ደቂቃ ዋጋ አለው። ፓስወርዶችን ከሌላ ንጹሕ መሣሪያ ቀይሩ፤ ከተጠቃው ላይ ብትቀይሩ አዲሱንም ሰጣችኋቸው።

እና እባካችሁ፣ ፎርማት አታድርጉ። እኛ ጋ ለሁሉም በሽታ መድኃኒቱ ፎርማት ነው። ፎርማት ሲደረግ እንዴት እንደገቡ የሚያሳየው ዱካ አብሮ ይጠፋል። የተሰረቀው ፓስወርድ እንደተሰረቀ ነው፤ በሳምንቱ በዚያው በር ይመለሳሉ። ቢያንስ ሃርድ ዲስኩን አውጥታችሁ አስቀምጡና በሌላ ላይ ሥሩ።

ፋይል ቆልፈው ብር ከጠየቁ ለመክፈል አትቸኩሉ። መክፈል ፋይሉ እንደሚመለስ ዋስትና አይሆንም። ከ2008 ጀምሮ የኔዘርላንድስ ፖሊስ፣ ዩሮፖልና የደህንነት ኩባንያዎች የመሠረቱት ኖ ሞር ራንሰም የሚባል ነፃ ድረ ገጽ አለ። የተቆለፈ ፋይል ናሙና ስታስገቡ መክፈቻ ከተገኘለት ይነግራችኋል። ለሁሉም ዓይነት መክፈቻ የለም፣ መሞከር ግን ነፃ ነው። በአገር ደረጃ ደግሞ የሳይበር ጥቃት ጥቆማ የሚቀበለው የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር፣ ኢንሳ ነው። ያለ ፈቃድ የሰው ኮምፒውተር ውስጥ መግባት በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያስቀጣል፣ ስለዚህ ፖሊስ ጋም ይኬዳል። ፎቶውና ያልተነካው ዲስክ የሚያስፈልገው እዚያ ነው።

በጀት የለንም። በነፃ ምን ይደረግ?

ብዙ። ሠራተኛው በየቀኑ የሚሠራበት አካውንት አድሚን (ፕሮግራም የመጫንና ቅንብር የመቀየር ሙሉ ሥልጣን ያለው) አይሁን። ይህ ብቻውን ስንቱን ይከለክላል። አፕዴት አታስቁሙ፤ ዳታ ይበላል ካላችሁ ማታ ወይም ቅዳሜ ይሁን። ዲፌንደር ይብራ፣ አጥቂ እንዳያጠፋው የሚያደርገው የታምፐር ጥበቃም ይብራ። ኢሜይል ላይ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ይደረግ። ኤኒዴስክና ቲምቪውር ሥራ ሲያልቅ ይጥፋ፤ ፓስወርዱ 123456 ከሆነ ደግሞ ጭራሽ ይውጣ። ሁለት ውጫዊ ዲስክ ግዙ፣ በተራ ይሰኩ፣ አንዱ ሁልጊዜ ሌላ ቦታ ይደር።

ዋዙህ የሚባል ነፃና ክፍት ሶፍትዌርም አለ፣ የኢዲአርና የሲኤም ሥራ ይሠራል። ከዩኒቨርሲቲ የወጡ ጎበዝ ልጆች ሊተክሉት ይችላሉ። ግን በየቀኑ የሚያየው ሰው ከሌለ አትትከሉት፤ ሰርቨር መብላት ብቻ ነው ትርፉ።

ዊንዶውስ 10 ነው ያለን። መቀየር አለብን?

የነፃ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል። ለድርጅቶች ማይክሮሶፍት በክፍያ እስከ ሦስት ዓመት የደህንነት አፕዴት ይሸጣል፣ ዋጋውም በየዓመቱ ይጨምራል። ኮምፒውተሩ ዊንዶውስ 11ን ከተሸከመ አሳድጉት። ካልተሸከመና ሥራው ብራውዘርና ጽሑፍ መጻፍ ብቻ ከሆነ ኡቡንቱን፣ በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫነውን ነፃ ሥርዓት፣ ሞክሩ። ዊንዶውስ 7 ያላችሁ ደግሞ ድጋፉ ጥር 2012 ስላለቀ እሱን ከኔትወርክ ንቀሉትና ከዚያ እንነጋገር።